በሰዓት መጾም ክብደት የሚቀንሰው እንዴት ነው? ስለ ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ማብራሪያ

«እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ምንም አትቅመስ፤ ቦርጭህ በሁለት ወር ይጠፋል።» ይህን ወይም ይህን የመሰለ ምክር ያልደረሰው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። አንዱ ሞክሮት ልብሱ ሁሉ እንደሰፋው ይናገራል። ሌላው ያተረፈው ራስ ምታትና ንጭንጭ ብቻ እንደሆነ ይምላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ «ዕድሜ ያረዝማል» የሚል ቪዲዮና «ልብ ይገድላል» የሚል ዜና ተከታትለው ይመጣሉ። ግራ የሚጋባው ክብደቱን ቀንሶ ጤናውን መጠበቅ የፈለገው ሰው ነው። በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ግራ መጋባቱ አደጋም አለው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ምንድን ነው?

አብዛኛው የአመጋገብ ምክር የሚያወራው ምን እንደምንበላ ነው። ይህኛው የሚያወራው መቼ እንደምንበላ ነው። ቀኑን ወይም ሳምንቱን ለሁለት ይከፍለዋል፦ የሚበላበት ጊዜና የማይበላበት ጊዜ። እዚህ ላይ «ጾም» ሲባል አንድን የምግብ ዓይነት መተው ማለት አይደለም፤ ኃይል የሚሰጥ ማንኛውንም ምግብና መጠጥ መተው ማለት ነው። ውሃ፣ ስኳርና ወተት የሌለው ሻይና ቡና ይፈቀዳል።

በብዛት የሚታወቀው 16 ለ 8 የሚባለው ነው። በቀን ውስጥ 16 ሰዓት ይጾማል፣ ምግብ በ8 ሰዓት ውስጥ ይጠቃለላል። የእንቅልፍ ሰዓትም ስለሚቆጠር ከሚሰማው ይቀላል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ራቱን ጨርሶ በማግስቱ ቀን 6 ሰዓት የበላ ሰው 16 ሰዓቱን ሞልቷል። ሁለተኛው 5 ለ 2 ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን እንደተለመደው እየበሉ፣ በሁለቱ ቀን ከ500 እስከ 600 ካሎሪ ብቻ መመገብ ነው። ሁለቱ ቀናት ባይከታተሉ ይመረጣል። ሦስተኛው አንድ ቀን መብላት፣ አንድ ቀን መጾም ወይም እጅግ ጥቂት መብላት ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚበሉም አሉ፤ ይህኛው ከሁሉም ከባዱ ነው፤ በአንድ ማዕድ ሰውነት የሚፈልገውን ሁሉ ማሟላትም አስቸጋሪ ነው።

ካሎሪ ያልነው ምግብ የሚሰጠን ኃይል የሚለካበት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች (እንደ ዳቦና ድንች ባሉ ምግቦች የሚበዛው) ወይም ፕሮቲን ደግሞ 4 ገደማ።

ሳንበላ ስንቆይ ሰውነታችን ምን ያደርጋል?

ሰውነት ኃይል የሚያስቀምጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት፤ ጓዳና ጎተራ ብለን እንጥራቸው። ጓዳው ቅርብ ነው፣ በቀላሉ ይከፈታል፣ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። ጎተራው ሰፊ ነው፣ ለመክፈት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ጓዳው ግላይኮጅን ይባላል። ስኳር ተያይዞ የሚቀመጥበት መልክ ነው፤ የሚገኘውም በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ነው። ጉበት የሚይዘው 100 ግራም ያህል ሲሆን ይህ 400 ካሎሪ ገደማ ነው። ጡንቻ ከዚያ የበለጠ ይይዛል፤ ነገር ግን ጡንቻ የራሱን ለራሱ ነው የሚያውለው፣ ለደም አያካፍልም። ጎተራው ደግሞ ስብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይዟል፤ ቀጭን የሚባል ሰው እንኳ ኪሎ በኪሎ የተከመረ ስብ አለው።

በዚህ ጎተራ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ኢንሱሊን ነው። ምግብ ስንበላ፣ በተለይ ስኳርና ስታርች ያለበትን፣ በደማችን ውስጥ ስኳር ከፍ ይላል። ይህን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን ትለቃለች። ኢንሱሊን ስኳሩ ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ፣ የተረፈውም ጓዳና ጎተራ እንዲገባ ያዛል፤ ገቢው እስኪያልቅ ድረስ የጎተራውን መውጫ ይዘጋል። ለዚህ ነው ከቁርስ እስከ መኝታ ሰዓት ያለማቋረጥ ጥቂት ጥቂት የሚቀማምስ ሰው የጎተራው መውጫ ሲከፈት የማያየው።

ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላ ሰዓታት ሲያልፉ ኢንሱሊን ይወርዳል። ጉበት በመጀመሪያ ከጓዳው ስኳር እያወጣ ለደም ይሰጣል። ጓዳው ሲሳሳ የስብ ድርሻ ይጨምራል፤ ስቡ ከጎተራው ወጥቶ ለጡንቻና ለልብ ማገዶ ይሆናል። ጉበት ከዚህ ስብ የተወሰነውን ኪቶን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ስብን እንደ ስብ መጠቀም የማይችለው አንጎል ኪቶንን ይጠቀምበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። «በ12ኛው ሰዓት ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል» ሲባል የመብራት ማብሪያ ቀጭ ሲል ያለ ያስመስላል። እንዲያ አይደለም። ሰውነት ስብና ስኳርን ሁልጊዜ አብሮ ያነዳል፤ በጾም ጊዜ የሚለወጠው ሚዛኑ ነው። ለውጡም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። የጉበት ጓዳ ከሞላ ጎደል ባዶ የሚሆነው ከአንድ ሙሉ ቀን ጾም በኋላ ነው፤ ፍጥነቱንም የበሉት ምግብና የሰውነት እንቅስቃሴ ይወስኑታል።

ታዲያ ስቡ ከተቃጠለ ክብደት መቀነሱ አይቀርም አይደል?

አለመግባባቱ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጠዋት ከጎተራው የወጣው ማታ ተመልሶ ከገባ፣ ጎተራው አልጎደለም። በ16 ሰዓት ጾም ውስጥ የተቃጠለው ስብ፣ በ8 ሰዓቱ ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ከተበላ፣ በቦታው ይተካል። ክብደት የሚወርደው በቀናትና በሳምንታት ድምር የወጣው ከገባው ሲበልጥ ብቻ ነው። ጾሙ የሚጠቅመው ይህን ልዩነት ለመፍጠር ሲረዳ ነው፤ ካልፈጠረው ሰዓቱ ብቻውን ሚዛን አያንቀሳቅስም።

ይህ ግምት አይደለም፣ በሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ተመራማሪዎች 116 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ እንዲበላ፣ ሌላው በቀን ሦስት ጊዜ እንዲበላ ተነገረው። ምን ያህል እንደሚበሉ ማንም አልወሰነላቸውም። ከ12 ሳምንት በኋላ በሰዓት የጾሙት በአማካይ 0.94 ኪሎ፣ ሌሎቹ 0.68 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ያህል ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው 139 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገ። ሁለቱም ወገን የሚበላው ካሎሪ እኩል ተገደበ፤ ወንዶች ከ1,500 እስከ 1,800፣ ሴቶች ከ1,200 እስከ 1,500። አንዱ ወገን ግን ምግቡን ሁሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲጨርስ ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ በሰዓት የተገደቡት 8 ኪሎ፣ ያልተገደቡት 6.3 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት ይህም ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አላገኙትም።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ሰዓት ተገድቦ ምግብ ሳይገደብ ሲቀር የቀነሰው አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ምግብ ሲገደብ ግን ሰዓት ኖረም አልኖረም ኪሎዎቹ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመና 99 የሙከራ ጥናቶችን፣ ከ6,500 በላይ ሰዎችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራም የደረሰበት ተቀራራቢ ነው፦ በሰዓትም ሆነ በቀን እየከፋፈሉ መጾም ክብደት ይቀንሳል፤ በየቀኑ ምግብን መጥኖ ከመብላት ጋር ሲነጻጸር ግን ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። አንድ ቀን እየጾሙ አንድ ቀን መብላት ብቻ 1.3 ኪሎ ያህል ብልጫ አሳይቷል።

ታዲያ ጎረቤቴ እንዴት 10 ኪሎ ቀነሰ?

ጎረቤትዎ አልዋሸም። ለብዙ ሰው ሰዓት መገደብ ሳያስበው ትንሽ እንዲበላ ያደርገዋል። ትርፍ ካሎሪ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ማዕድ አይደለም፤ ቴሌቪዥን ፊት በሚቆረጠም፣ ከእንቅልፍ በፊት በሚቀመስ፣ በየሻይ እረፍቱ ከጣፋጭ ጋር በሚወሰድ ነገር ነው። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አልበላም» የሚል አንድ ደንብ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ካሎሪ መቁጠር የለ፣ ምግብ መመዘን የለ፤ ሰዓት ማየት ብቻ ነው። ቁጥር ለሚሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም ከዘዴው ሁሉ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ቅለቱ ነው።

ለሌላው ሰው ግን ይኸው ደንብ ተቃራኒውን ያመጣል። ቀኑን ሙሉ ርቦት ውሎ በመጨረሻ ሲቀመጥ ሁለት ሰው የሚበላውን ይበላል። ደንቡን መጠበቁም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በቺካጎ 100 ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ይህን አሳይቷል። አንድ ቀን እየጾሙ አንድ ቀን ከሚበሉት ሰዎች ጥናቱን ያቋረጡት 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በየቀኑ መጥነው ከሚበሉት ያቋረጡት 29 በመቶ ነበሩ። የቀሩትም ቢሆኑ በጾሙ ቀን ከታዘዘላቸው በላይ፣ በመብያው ቀን ከታዘዘላቸው በታች እየበሉ ሳያውቁት ወደ መሃል ተሳቡ። የቀነሱት ክብደት ግን በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር።

ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛው ጥያቄ አይደለም። «ከሦስት ወር በኋላም ሳይከብደኝ የምቀጥለው የትኛው ነው?» የሚለው ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ለምን እንዲህ ፈጣን ሆነ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀንሶ ይደሰታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሲቆም ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱን ቢያውቀው ባልተወው ነበር።

ግላይኮጅን የሚቀመጠው ከውሃ ጋር ነው። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጓዳው ሲጎድል ውሃውም አብሮ በሽንት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች በአብዛኛው ይህ ውሃ ናቸው፤ አንድ ቀን ስታርች የበዛበት ምግብ ሲበላ ተመልሰው የሚመጡትም ለዚህ ነው። ስብ አካሄዱ ሌላ ነው። በቀን 500 ካሎሪ ያጎደለ ሰው በሳምንት 3,500 ካሎሪ ያጎድላል፤ ይህ ግማሽ ኪሎ ስብ እንኳ አይሞላም። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚፈልገው ኃይል ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ከዚህም ይቀንሳል። በወር ሁለት ኪሎ ስብ የቀነሰ ሰው ጥሩ እየሠራ ነው። ከሚዛኑ ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ወገብን በሜትር መለካት እውነተኛውን ለውጥ ያሳያል።

«ቁርስ ካልበላህ ሰውነትህ ኃይል መቆጠብ ይጀምራል» የሚባለውስ? አንድ ቁርስ ወይም አንድ ቀን መዝለል ሰውነት የሚያነደውን ኃይል አይቀንሰውም። ኃይል መቆጠብ የሚመጣው ለሳምንታት በጣም ጥቂት ሲበላና ክብደት ሲወርድ ነው፤ ያ ደግሞ በማንኛውም የክብደት መቀነሻ ዘዴ ይከሰታል።

የሚቀንሰው ስብ ብቻ ነው?

አይደለም። ክብደት ሲወርድ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። በሳን ፍራንሲስኮው ጥናት በዝርዝር ከተለኩት መካከል በሰዓት የጾሙት ሰዎች ካጡት ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስብ ያልሆነ ክፍል ነበር፤ ይህም ጡንቻን ይጨምራል። ለዕድሜ ባለጸጎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከወንበር የሚያነሳን፣ ስንደናቀፍ የሚይዘን፣ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድልንም ጡንቻ ነው።

መፍትሔው ግን በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ክብደት በሚያነሱ 34 ወንዶች ላይ ለ8 ሳምንት ክትትል ተደረገ። ምግባቸውን በ8 ሰዓት ውስጥ የወሰኑት ስብ ቀነሱ፣ ጡንቻቸው ግን አልተነካም። በቂ ፕሮቲን ይበሉ ነበር፣ ጡንቻቸውንም ያሠሩት ነበር። ስለዚህ የሚጾም ሰው በሁለቱም ማዕድ ላይ ፕሮቲን ይኑረው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀንም ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያድርግ። ፑሽ አፕም ሆነ ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ ይበቃል።

ጠዋት መብላት ይሻላል ወይስ ማታ?

ሰውነት ሰዓት አለው። ኢንሱሊን በአብዛኛው ሰው ላይ ጠዋት ከማታ የተሻለ ይሠራል፤ ያው ምግብ ማታ ሲበላ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል።

በዚህ ላይ ብዙ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሲሆን የስኳር ሕመም ጫፍ ላይ የደረሱ 8 ወንዶች ተሳትፈውበታል። ለአምስት ሳምንት ምግባቸውን በ6 ሰዓት ውስጥ ጠቅልለው፣ የመጨረሻውንም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በሉ። ክብደታቸው እንዳይቀንስ ሆን ተብሎ በቂ ምግብ ተሰጣቸው። ሆኖም ኢንሱሊናቸው የተሻለ ሠራ፣ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ይህ ሰዓት ከክብደት ውጭ የራሱ ሚና ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል። ስምንት ሰው ግን ስምንት ሰው ነው፤ በዚህ ላይ ትልቅ ተስፋ መገንባት አይገባም። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አለመብላትም ቤተሰብ ላለው ሰው ቀላል አይደለም፤ ራት ሰው ከሰው የሚገናኝበት ማዕድ ነውና። አማካይ መንገዱ ራትን ከእንቅልፍ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መጨረስ ነው።

ለጤና ያለው ጥቅም ከክብደቱ የተለየ ነው?

አብዛኛው ጥቅም የሚመጣው ከክብደቱ ነው፤ ይህ ግን ጥቅሙን አያሳንሰውም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 በመቶ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ሲቀንስ የደም ግፊቱ፣ የደም ስኳሩና በደሙ ያለው ስብ መሻሻል ይጀምራል። ቀጭን መሆን አይጠበቅበትም።

«ጾም ሕዋስን ያጸዳል» የሚባለው ኦቶፋጂ ከሚባል እውነተኛ ሂደት የመጣ ነው። ሕዋስ ያረጀና የተበላሸ ክፍሉን ሰብስቦ ይፈጫል፣ ፍርፋሪውንም መልሶ ይጠቀምበታል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህ እንዴት እንደሚሠራ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የሠራው ግን በእርሾ ሕዋሳት ላይ ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው «በ16ኛው ሰዓት ኦቶፋጂ ይጀምራል» የሚል ሠንጠረዥ በሰው ላይ ተለክቶ የተረጋገጠ አይደለም። ከእርሾና ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። በአይጥ ላይ በ8 ሰዓት ውስጥ መብላት ብቻውን ውፍረትን እንደሚከላከል እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቶ ነበር፤ በሰው ላይ ያየነው ከላይ የተናገርነውን ነው።

«ልብን ይገድላል» የተባለውስ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በቺካጎ በተካሄደ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ትንተና ነው ዓለምን ያስደነገጠው። 20,000 ገደማ አሜሪካውያን የበሉበትን ሰዓት ተናገሩ፤ በቀን ከ8 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚበሉት፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ከሚበሉት ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው 91 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ቁጥሩ ያስፈራል፣ ግን እንዴት እንደተገኘ እንይ። ሰዎቹ የተጠየቁት የሁለት ቀን አበላላቸውን ብቻ ነው፤ ሞታቸው የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ጹሙ ተብለው የጾሙ ሰዎችም አልነበሩም። በአጭር ሰዓት የሚበላ ሰው ለምን እንዲያ እንደሚበላ አናውቅም፤ ታሞ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ በሥራ የተወጠረ ወይም የሚበላው ያጣ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል የተኛ ሰው ቤቱ ካለ ሰው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የገደለው ግን አልጋው አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ሆኖም ተቀድዶ የሚጣል ወረቀት አይደለም፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ጠባብ ሰዓት እንዳይገባ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማን መጾም የለበትም?

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕጻናትና በዕድገት ላይ ያሉ ወጣቶች፣ ክብደታቸው አስቀድሞ ከሚገባው በታች የሆነ ሰዎች፣ አቅማቸው የደከመ አረጋውያን ይህን አይሞክሩት። ከምግብ ጋር የተጣላ ታሪክ ያለው ሰው፣ ማለትም ራሱን እያስራበ ወይም ያለልክ በልቶ እያስመለሰ ያለፈ ሰው፣ የተከለከለ ሰዓት የሚል ደንብ አሮጌውን ቁስል ሊቀሰቅስበት ይችላል። የሐሞት ጠጠር ያለበትም ይጠንቀቅ፤ ለረጅም ሰዓት አለመብላትና በፍጥነት መክሳት ጠጠሩን ያባብሳሉ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግላይቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ኪኒኖችን የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱን እንደወትሮው ወስዶ ምግቡን ከዘለለ የደም ስኳሩ አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ ምግብ ይመጣል ብሎ ነው የሚሠራው። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ደግሞ ረጅም ጾም ደሙ በኪቶን ተጥለቅልቆ አሲድ እንዲሆን ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ሕመም ነው። እነዚህ ሰዎች በፍጹም መጾም አይችሉም ማለት አይደለም፤ መጠኑን ሐኪም ሳያስተካክልላቸው አይጀምሩ ማለት ነው። የደም ግፊትና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ፈሳሹ ሲቀንስና ክብደቱ ሲወርድ ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል።

ለቀናት የሚዘልቅ ጾምስ? በዚህ ላይ የአንገስ ባርቢየሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ይህ የስኮትላንድ ወጣት እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1966 ለ382 ቀናት ምግብ ሳይቀምስ ከ207 ኪሎ ወደ 82 ኪሎ ወረደ። የሚጠቅሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ግን በሐኪሞች ክትትል ሥር እንደነበር፣ ደሙ በየጊዜው ይመረመር እንደነበር፣ ቫይታሚንና እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት ይሰጡት እንደነበር ነው። በዚያው ዘመን በረጅም ጾም የታከሙ ሌሎች ሰዎች ሞተዋል። ከረጅም ጾም በኋላ በድንገት ብዙ መብላት ብቻውን የደምን ማዕድናት አናግቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ይህን በቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ሕይወቱን እያስያዘ ነው።

እንዴት ልጀምር?

በ12 ሰዓት ጾም ይጀምሩ። ራትዎን ማታ 1 ሰዓት ላይ ጨርሰው ቁርስዎን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መብላት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ የሌሊት መቀማመስን ያቆማል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልከበደዎት ወደ 14 ከፍ ይበሉ። 16 መድረስ ግዴታ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን የሚነሳው በለመድነው የምግብ ሰዓት ነው፤ ማዕበል ነው፣ ይነሳል፣ ሳይበሉም ይወርዳል። ሰዓቱን ሲለውጡበት እሱም ከቀናት በኋላ ይለምዳል። ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ከውሃ ማነስ ወይም ከቀረ ቡና የሚመጣ ነው።

በመብያው ሰዓት የሚበላው ነገር ከጾሙ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ጾምን በለስላሳና በጣፋጭ መፍታት የደም ስኳርን አስፈንጥሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ረሃቡን አጠናክሮ ይመልሰዋል። ፕሮቲን፣ አትክልትና ጥራጥሬ ቀድመው ቢገቡ ጥጋቡ ይቆያል። ከምግብ ጋር የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሜትፎርሚንና አይቡፕሮፌን፣ በባዶ ሆድ እንዳይወሰዱ ሰዓታቸውን ከመብያው ሰዓት ጋር ያስማሙ።

መቼ ነው ጾሙን ማቋረጥ ያለብኝ?

ረሃብ ብቻውን አደጋ አይደለም። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ዓይን መጭለምለም፣ ሐሳብ መደነባበር ሲመጣ ግን ሰዓት አይታይም፤ ወዲያው ይበላል። የወር አበባ መዛባት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብም ዘዴው እንዳልተስማማዎት ይናገራሉ።

የስኳር መለኪያ ያለው ሰው ንባቡ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ይውሰድ፤ ይህ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ፤ ካልወጣ ይድገም፤ ሲወጣ ምግብ ይብላ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝተው ወደ ሕክምና ያድርሱት።